ሲአርፒ ያለበት መሬት ልገዛ ነው፣ የመንግስት ብሩ ለኔ ይዞራል ወይስ ከሻጩ ጋር ይሄዳል?

የአውሮራው ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች እንዴት ናችሁ። እኔና የባለቤቴ ወንድም ፍየልና በግ ለማርባት ብለን መሬት ስንፈልግ ከረምን፣ ደንቨር ዙሪያ ያለው ዋጋ የማይቀመስ ሆነብን፣ እየራቅን እየራቅን ሄደን መጨረሻ የኮሎራዶ ደቡብ ምስራቅ ጥግ ላይ ባካ ካውንቲ የሚባል፣ ከካንሳስና ከኦክላሆማ ጋር የሚዋሰን ቦታ 320 ኤከር አገኘን። ዋጋው ተመችቶናል። ግን ሪልተሩ (ደላላው) «ከሱ ውስጥ 240 ኤከሩ ሲአርፒ (ኮንሰርቬሽን ሪዘርቭ ፕሮግራም የሚሉት የመንግስት ፕሮግራም) ነው፣ እስከ 2031 ሴፕቴምበር 30 ድረስ ኮንትራት አለው፣ መንግስት በኤከር 34 ዶላር በየዓመቱ ይከፍላል» አለኝ። እኔ መጀመሪያ የሚሸውደኝ ነበር የመሰለኝ። ሄደን አየነው፣ ምንም የተዘራ ነገር የለም፣ ጉልበት የሚደርስ ሳር ብቻ ነው ከአጥር እስከ አጥር፣ ሻጩ ሽማግሌ ናቸው የሚኖሩትም ሌላ ስቴት ነው። ባለመዝራታቸው ነው የሚከፈላቸው ማለት ነው? ማታ ኢንቫይሮመንታል ወርኪንግ ግሩፕ የሚባሉት ሰዎች ያወጡትን የድጎማ ዝርዝር ከፍቼ የካውንቲውን አየሁት፣ ማን ስንት እንደወሰደ ስም በስም ተቀምጧል፣ ኮንሰርቬሽን የሚለው መደብ ላይ የተደረደረው ሰው ብዛቱ አስገረመኝ። አሁን ጥያቄዬ፣ መሬቱን ብገዛ ይሄ ብር ለኔ ይዞራል ወይ? ፍየሎቼንስ እዛ ሳር ላይ መልቀቅ እችላለሁ? ሪልተሩ «ኖ ፕሮብሌም» ነው የሚለው ለሁሉም ነገር፣ እሱ ኮሚሽኑን ነው የሚያየው። የሚያውቅ ሰው ካለ በናታችሁ።

ጎጃሜው ቨርጂኒያ፦
ሳይዘሩ ማጨድ ማለት ይሄ ነው 😂 እኔ ልጅ ሆኜ ሀገር ቤት በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ቀበሌው ይጠራና አባቴ ዶማውን ይዞ እርከን ሊሰራ ይወጣል፣ ብር የለ ምሳ የለ፣ ካልወጣህ ደግሞ ትቀጣለህ፣ ስሙም «የተፋሰስ ልማት» ነው። እዚህ ሰውየው ሌላ ስቴት ቁጭ ብሎ ሳሩ በራሱ እየበቀለ ስምንት ሺ ምናምን ዶላር ይገባለታል። ግዛው ወንድሜ ምን ትጠይቃለህ።

ላማር ነኝ፦
ሰላም የአውሮራው ልጅ። እኔ የምኖረው ላማር ነው፣ ከባካ በላይ ያለው ካውንቲ፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች ሶስት ትውልድ ስንዴና ማሽላ ዘርተው የኖሩ ናቸው፣ ሲአርፒም አላቸው፣ ወረቀቱን የምሞላላቸው እኔ ስለሆንኩ ትንሽ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ስጦታ አይደለም፣ ኪራይ ነው። መንግስት መሬትህን ከ10 እስከ 15 ዓመት ይከራይሃል፣ አንተ ደግሞ ሳር ዘርተህ ከአፈሩ ላይ እጅህን ታነሳለህ። ሳሩ ደግሞ በራሱ አልበቀለም ጎጃሜው፣ ምን ዓይነት ዘር በኤከር ስንት ፓውንድ እንደሚዘራ እቅዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው፣ ለዘሩና ለስራው ከወጪው እስከ ግማሹን ይረዱሃል፣ ሌላው ከኪስህ ነው። በደረቅ ዓመት ዘሩ ሳይበቅል ቀርቶ ድጋሚ የዘሩ ሰዎች አውቃለሁ። አረም ደግሞ ያንተ ሃላፊነት ነው፣ እዚህ በንፋስ እየተንከባለለ አጥር ላይ የሚከመረውን እሾህ አይታችሁታል አይደል፣ እሱ ሜዳህን ከሞላው ከካውንቲ ደብዳቤ ይመጣልሃል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ አዎ ይዞራል ግን በራሱ አይዞርም። መሬቱ ስምህ ላይ ሲገባ ኤፍኤስኤ ቢሮ (የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር፣ ማለት የዩኤስዲኤ፣ የእርሻ አገልግሎት፣ የባካው ስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው) ሄደህ የኮንትራቱ ተተኪ ነኝ ብለህ ትፈርማለህ። ቀነ ገደቡ 60 ቀን ነው። ካልፈረምክ ኮንትራቱ ይፈርሳል፣ ሲፈርስ ሻጩ ከመጀመሪያ ጀምሮ የወሰዱትን ኪራይ በሙሉ ከነወለዱ፣ ሳር ለማዘሪያ የተሰጣቸውንም ጨምሮ ይመልሳሉ፣ በላዩ ላይ የአንድ ዓመት ኪራይ 25 ፐርሰንት ቅጣት። ስለዚህ ሽማግሌው ወይም ጠበቃቸው ሽያጭ ውሉ ውስጥ «ገዢው ኮንትራቱን ይረከባል» የሚል አንቀጽ ማስገባታቸው አይቀርም። አንዴ ከፈረምክ ግን ግዴታው ሙሉ ለሙሉ ያንተ ነው። 2028 ላይ ተነስቼ ልረሰው ብትል ካንተ በፊት የተከፈለው ብር ሁሉ አንተ ላይ ሊመጣ ይችላል፣ ይሄን ቢሮውን በጽሁፍ ጠይቃቸው፣ በቃል የተባለ ነገር ይዘህ እንዳትፈርም።

ክሎዚንግ (ሽያጩ የሚጠናቀቅበት ቀን) ከመድረሱ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቅ። ሲአርፒ-1 የሚባለው ኮንትራቱ ራሱ፣ ኪራዩ 34 መሆኑና የሚያልቅበት ቀን እዛ ላይ ነው ያለው፣ የሪልተር ወሬ አይደለም። ሁለተኛው የኮንሰርቬሽን እቅዱና ካርታው። ካርታው ከላይ የተነሳ ፎቶ ነው፣ እያንዳንዱ ማሳ በመስመር ተከቦ ቁጥርና የኤከሩ ልክ ተጽፎበታል፣ የትኛው 240 እንደሆነና የትኛው 80 ነጻ እንደሆነ በጣትህ እየነካህ ታየዋለህ። የኛዎቹ ጋር አንድ ጊዜ ጥጉ ላይ የቆመ የድሮ ጎተራ ማሳው ውስጥ ተቆጥሮ ገብቶ ነበር፣ እሱን አስለክተን እስኪያስተካክሉ ወራት ፈጀ። የኪራዩ ብር የሚገባው ኦክቶበር ላይ ነው በዓመት አንዴ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ከሻጩ ጋር እንዴት እንደምትካፈሉ ሽያጭ ውሉ ላይ ጻፉት፣ ከዛ በኋላ መጨቃጨቅ ነው ትርፉ።

የፍየሉን ነገር ማታ እጽፍልሃለሁ አሁን ስራ ልግባ።

የአውሮራው ልጅ፦
እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሪልተሩ 60 ቀን የሚባል ነገር ጭራሽ አላነሳልኝም። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ተውኩት ብዬ ኮንትራት የሌለበት መሬት ብገዛና ራሴ አዲስ ባስመዘግብስ?

ላማር ነኝ፦
በገዛህበት ዓመት አይሆንም፣ አዲስ ለማስገባት ቢያንስ 12 ወር ባለቤት ሆነህ መቆየት አለብህ፣ በውርስ ካልመጣልህ በቀር። ይሄን ህግ ያወጡት ሰው መሬት እየገዛ ቶሎ መንግስት ላይ እንዳይጭን ነው። ከዛም መሬቱ የእርሻ ታሪክ ያስፈልገዋል፣ ከ2012 እስከ 2017 ባሉት ስድስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አራቱን የተዘራበት መሆን አለበት፣ ሳር ሆኖ የኖረ ሜዳ በዋናው ሲአርፒ አይገባም። ባካ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ አንድ ካውንቲ ካለው የእርሻ መሬት 25 ፐርሰንት በላይ እንዳይገባ ጣራ አለው፣ እዛ አካባቢ ጣራውን የሚነኩ ካውንቲዎች አሉ። አሁን ከኮንትራቱ ጋር የሚሸጠውን መሬት ሰው የሚሻማው ለዚህ ነው።

ጎጃሜው ቨርጂኒያ፦
እሺ ኪራይ ይሁን ግን አሁንም አልገባኝም፣ በሀገር ደረጃ ስንት ነው የሚያወጡት ለዚህ ነገር? እና ለምን 25 ፐርሰንት ብለው ቆረጡት ጥሩ ነገር ከሆነ? ዝርዝሩን እኔም ከፈትኩት፣ ግማሹ ሰው አድራሻው ካውንቲው ውስጥ አይደለም እኮ፣ ከተማ ቁጭ ብሎ የሚበላ ነው።

ላማር ነኝ፦
ጎጃሜው የጠየቅከው ጥያቄ እዚህ ቡና ቤት ጠዋት ጠዋት የሚያጨቃጭቀው ነው 😄 ረዘም ይልብኛል ታገሱኝ።

ይሄ አካባቢ ደስት ቦውል የሚባለው የተከሰተበት እምብርት ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጋር የስንዴ ዋጋ ሲሰቀል ሰው ለዘመናት ሳር ሆኖ የኖረውን ሜዳ በትራክተር ገለበጠው፣ ከዛ በ1930ዎቹ ዝናቡ ጠፋ ዋጋውም ወደቀ፣ አፈሩ የሚይዘው ስር አጥቶ ተነስቶ ሄደ። 1935 ኤፕሪል 14 ቀን የመጣውን እስከዛሬ ጥቁሩ እሁድ ነው የሚሉት፣ ቀኑ ጨለማ ሆነ፣ የባለቤቴ አያት ልጅ ሆና እናቷ እርጥብ አንሶላ መስኮት ላይ ትሰቅል እንደነበር ትናገር ነበር። ሂዩ ቤኔት የሚባል የአፈር ሊቅ ዋሽንግተን ላይ ሲወተውት ኖሮ በዛው ወር መጨረሻ ነው የአፈር ጥበቃው መስሪያ ቤት በህግ የተቋቋመው፣ ዛሬ ኤንአርሲኤስ የምንለው እሱ ነው። መንግስት ራሱ ከከሰሩ ገበሬዎች የገዛው መሬት ደግሞ እስካሁን ኮማንቼ ብሔራዊ የሳር ምድር ተብሎ ባካ ውስጥ አለ፣ መሬቱን ለማየት ስትሄዱ በመሃሉ ነድታችሁ አልፋችሁ ይሆናል።

ግን ሰው ይረሳል። በ1950ዎቹ ሶይል ባንክ ብለው ከፍለው አሳረፉት፣ በ1970ዎቹ ስንዴ ሲወደድ ደግሞ ተመልሶ ታረሰ። ሲአርፒ የመጣው በ1985ቱ የፋርም ቢል (የእርሻ ህግ) ነው፣ ሬገን የፈረሙት። ያኔ ዓላማው አፈር ብቻ አልነበረም፣ ስንዴ ተትረፍርፎ ዋጋ ወድቆ ገበሬው በባንክ እዳ እየተሸጠ ስለነበር ምርቱን መቀነስም ፈልገው ነው። 2007 ላይ በሀገር ደረጃ ወደ 37 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ደርሶ ነበር፣ ከዛ በቆሎ ለኢታኖል ሲወደድ ሰው ኮንትራቱ ሲያልቅ እያወጣ አረሰው፣ አሁን ህጉ የሚፈቅደው 27 ሚሊዮን ነው። ኪራዩ በዓመት 1.8 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ለአንድ ሰው በዓመት ከ50,000 ዶላር አይበልጥም።

25 ፐርሰንቱ ለምን አልክ፣ ለከተማው ነው። መሬቱ ሳር ሲሆን ዘር የሚገዛ የለም፣ ማዳበሪያ የለም፣ ናፍጣ የለም፣ ትራክተር የሚጠግነው ሰውዬ ስራ ይፈታል፣ እህል የሚያስገቡበት ኤሌቬተር ይዘጋል። ሽማግሌው ኮንትራቱን ይፈርምና ሞቃት ቦታ ፈልጎ ይሄዳል፣ ቼኩም አብሮ ይሄዳል። አንተ ያየኸው አድራሻ እሱ ነው። ትምህርት ቤቶች በሳምንት አራት ቀን ብቻ የሚያስተምሩበት አገር ላይ ነው እያወራን ያለነው፣ ጥፋቱ የሲአርፒ ብቻ ነው አልልም፣ እርሻው ራሱ ሰው አያስፈልገውም አሁን፣ አንድ ሰው በአንድ ማሽን አስር ቤተሰብ የሚያርሰውን ያርሳል። ግን ወጣት ገበሬ መሬት ልከራይ ብሎ ሲመጣ ከመንግስት ኪራይ ጋር ነው የሚወዳደረው፣ እሱ ነው በጣም የሚያበሳጨው። ለዛ ነው 2018 ላይ ኮንግረስ ዋናው ሲአርፒ ኪራይ ከካውንቲው አማካይ የመሬት ኪራይ 85 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ያደረገው።

ያም ሆኖ 2011 እና 2012 ድርቅ ሲመታን መሬት ያልተነሳብን ሳሩ ስላለ ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም የማምነው ያንን ነው። የታረሰው ማሳ ዳር ያለው አጥር ላይ አፈሩ እንደ በረዶ ተከምሮ አይቻለሁ፣ መንገዱን ተሻግሮ ሲአርፒው ጋ ምንም የለም።

ጎጃሜው ቨርጂኒያ፦
እሺ ተረታሁ ግማሽ ያህል። አባቴ ግን አሁንም ሂሳቡን ይጠይቃል 😂

ደብረ ብርሃን 22፦
ሀገር ቤትም እኮ ሁሉም በነጻ አልነበረም፣ በደርግ ጊዜ እርከን የሚሰራው በስንዴና በዘይት ክፍያ ነበር፣ አሁንም ሴፍቲኔት ላይ ያለው ሰው በስራው ይከፈለዋል። ልዩነቱ የኛ የሚከፍለው ለተቆፈረው ጉልበት ነው፣ እነሱ የሚከፍሉት ለመሬቱ ባለቤት ነው ማሳው ስላረፈ። የኛ ገበሬ ግማሽ ሄክታር ይዞ ምኑን ያሳርፋል፣ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ኮረብታው ይከለል ተብሎ ከብት ሲከለከል ሰው የሚከፋው ለዛ ነው፣ ሳሩን አጭዶ ቢወስድም የጠፋበትን ግጦሽ የሚክስለት የለም።

ላማር ነኝ፦
ወደ ፍየሎቹ። የአውሮራው ልጅ ሪልተሩ ኖ ፕሮብሌም ያለህ ነገር ፕሮብሌም አለው።

ሲአርፒ ላይ ዝም ብለህ ከብት አትለቅም። መጀመሪያ ኤንአርሲኤስ ሄደህ የግጦሽ እቅድ ይሰራልሃል፣ ስንት እንስሳ ለስንት ጊዜ የሚል። ድርቅ ሳይኖር ማስጋጥ የምትችለው አንድ ዓመት እየዘለልክ ነው፣ ያስጋጥክበት ዓመት ከኪራዩ 25 ፐርሰንት ይቀነሳል። ያንተን ብናሰላው 240 በ34 ሲባዛ 8,160 ዶላር ነው፣ ያስጋጥክ ዓመት 6,120 ይሆናል ማለት ነው። ካውንቲው በድርቅ ካርታው ላይ ከባድ ደረጃ ሲገባ አስቸኳይ ግጦሽ ይፈቀዳል፣ ያኔ ቅናሽ የለም፣ ግን እሱም ሳታስፈቅድ አይሆንም። ሳር አጭዶ መሸጥ ደግሞ በሶስት ዓመት አንዴ። እና ዋናው፣ ወፎች ጎጆ የሚሰሩበት ጊዜ ተብሎ ኮሎራዶ ውስጥ ከማርች 15 እስከ ጁላይ 15 በመደበኛው አሰራር ማሳው ውስጥ አይገባም፣ ለግጦሽም ለማጨድም። አጥርና ውሃ በራስህ ወጪ ነው። ቤት ልስራበት፣ በረት ላቁምበት ብትል ያንን ቁራጭ ከኮንትራት አስወጥተህ ድርሻውን መልሰህ ነው።

ስለዚህ የፍየል ስራህ 80ው ላይ ነው መቆም ያለበት። 80ው ሳር ነው የታረሰ ነው? ሳር ከሆነ ግራስላንድ ሲአርፒ የሚባል ሌላ ዓይነት አለ፣ እያስጋጥክ የሚከፍል፣ ክፍያው ግን በጣም ትንሽ ነው። ልረሰው ካልክም አፈሩ ቶሎ የሚሸረሸር ተብሎ የተመዘገበ ከሆነ ያለ እቅድ ከገለበጥከው የሁሉም ፕሮግራም ክፍያ ይቋረጥብሃል፣ ኤዲ-1026 የምትባል ቅጽ ላይ ያንን ነው የምትፈርመው። ለአዳኞች ማከራየት ግን ይቻላል፣ ፈዛንት የሚባለውን ወፍ ሊተኩሱ የሚመጡ አሉ፣ ብዙ ባይሆንም ብር ነው።

ታክስ ሰሪው፦
ጣልቃ ልግባ። ያ 8,160 ንጹህ አይደለም። ኦክቶበር ላይ የሚገባው 1099-ጂ በሚባል የታክስ ቅጽ ይመጣል፣ እና አይአርኤስ (የፌደራሉ ታክስ መስሪያ ቤት) እንደ ቤት ኪራይ አያየውም፣ እንደራስህ ስራ ገቢ ነው የሚያየው፣ ማለት ለራሱ የሚሰራ ሰው የሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 15.3 ፐርሰንትም ይጨመርበታል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ወይም የአካል ጉዳት ክፍያ የሚወስድ ሰው ብቻ ነው ከዛ ነጻ። በ2014 የስምንተኛው ሰርኪዩት (የፌደራል ይግባኝ ሰሚ) ፍርድ ቤት ገበሬ ላልሆነ ባለመሬት ፈርዶለት ነበር፣ ግን ኮሎራዶ እዛ ሰርኪዩት ውስጥ አይደለችም፣ አይአርኤስም አልከተለውም ብሏል፣ እና አንተ ፍየል ካረባህ ለማንኛውም ገበሬ ነህ። ጥሩ ጎኑ አጥሩም ጉድጓዱም ስኬጁል ኤፍ (የእርሻ ታክስ ቅጽ) ላይ ወጪ ሆኖ ይገባልሃል፣ አንዳንዱ በአንዴ ሌላው በዓመታት ተከፋፍሎ።

ሌላ፣ ከባለቤትህ ወንድም ጋር ኤልኤልሲ (ኩባንያ) ከከፈታችሁ ሁለታችሁም ኤፍኤስኤ ላይ የየራሳችሁን ቅጽ ትሞላላችሁ፣ የገቢም ጣራ አለ 900,000 ነው እሱ አያሰጋህም። የሚያሰጋው ወረቀት ነው። እሱ ሲቲዝን ወይም ግሪን ካርድ ያለው ነው? ሌላ ቪዛ ላይ ከሆነ በዩኤስዲኤ አይን የውጭ ሰው ነው፣ የሱ ድርሻ ክፍያ ሊቀር ይችላል፣ ከዛም በላይ የእርሻ መሬት ሲገዛ በ90 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታው ነው፣ ካላሳወቀ ቅጣቱ ከመሬቱ ዋጋ ላይ ነው የሚሰላው።

የጌሾ እርሻ፦
320 ኤከር ለሌለን ደግሞ ትንሽ ልበል። እኔ ሜሪላንድ አምስት ኤከር ላይ ጌሾ፣ ቃሪያና ጎመን ነው ያለኝ፣ ኢክዊፕ በሚባለው ፕሮግራም የፕላስቲክ ቤት ሰርተውልኛል። እሱ በኪራይ ሳይሆን ለሰራኸው ነገር ነው የሚከፍለው፣ ከ10 ዓመት በታች ያረሰ ሰው ጀማሪ ይባልና እስከ 90 ፐርሰንት ወጪውን ይሸፍናሉ፣ ግማሹንም ቀድመህ መውሰድ ትችላለህ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፣ ኮንትራቱ ሳይፈረም አንድ ችንካር እንዳትተክሉ፣ የተጀመረ ስራ አይከፈልበትም። ጎረቤቴ ብረቱን ቀድሞ አቁሞ ሙሉውን ከኪሱ ነው የጨረሰው።

የአውሮራው ልጅ፦
እናንተ ሰዎች ጠበቃ ከምቀጥር አዳናችሁኝ። የባለቤቴ ወንድም ግሪን ካርድ አለው፣ እሱ ሰላም ነው። 80ው ሳር ነው፣ ያረጀ አጥርም አለበት። አንድ የቀረኝ ነገር፣ 240ው መሃል የቆመ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ አለ፣ ሪልተሩ «የመስኖ ጉድጓድ» ብሎ ነው ያስተዋወቀው።

ላማር ነኝ፦
እሱን እንዳታምን። ኮሎራዶ ውስጥ የውሃ መብትና መሬት ለየብቻ ይሸጣሉ፣ ጉድጓዱ መሬትህ ላይ መቆሙ ብቻ ውሃው ያንተ ነው ማለት አይደለም። የጉድጓዱን ፈቃድ ቁጥር ጠይቅና የስቴቱ የውሃ ክፍል ድረ ገጽ ላይ ፈልገው፣ ለምን እንደተፈቀደና አሁንም በህይወት እንዳለ ይነግርሃል። ሰሜን ላይ ሪፐብሊካን ወንዝ ተፋሰስ እነ ዩማና ኪት ካርሰን ካውንቲ ለካንሳስና ለነብራስካ ውሃ ማድረስ ስላለባቸው እስከ 2029 መጨረሻ 25,000 ኤከር ከመስኖ ማውጣት አለባቸው፣ እዛ ክሬፕ በሚባለው የሲአርፒ ዓይነት ገበሬው ጉድጓዱን ለዘላለም ዘግቶ ነው ከፍ ያለ ኪራይ የሚወስደው፣ ኮንትራቱ ቢያልቅም ጉድጓዱ አይከፈትም። ባካ ከዛ ተፋሰስ ውጪ ነው ግን ኦጋላላ የሚባለው የከርሰ ምድር ውሃ እዛም እየወረደ ነው። ላንተ የሚያስፈልግህ ለፍየልና ለቤት ከሆነ ከ35 ኤከር በላይ ላለው ሰው አነስተኛ የጉድጓድ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል፣ 80ው ላይ አዲስ ማስቆፈር ሳይሻልህ አይቀርም።

ጎጃሜው ቨርጂኒያ፦
እና ለፋሲካ ሙክት ይደርሳል ወይስ ወፎቹ እንቁላል ላይ ናቸው ተብሎ ይቀራል?

የአውሮራው ልጅ፦
ፋሲካ ሁልጊዜ ከማርች 15 እስከ ጁላይ 15 መሃል ነው የሚውለው፣ አሁን እኮ ነው የገባኝ 😂 እንግዲህ ለፋሲካ የሚሸጠው ሁሉ 80ው ላይ ድርቆሽ እየበላ ነው የሚደልበው። ሻጩ ሲአርፒ-1ን ሰኞ እልካለሁ ብለዋል፣ ካርታውን እዚህ እለጥፈዋለሁ።

ላማር ነኝ፦
ስም፣ አድራሻና የፋርም ቁጥሩን ሸፍነህ ለጥፍ። የድርቆሽ ዋጋም አሁኑኑ ጠይቅ፣ ክረምት ሲገባ አይቀመስም።